ጥፋቱ የማን ነው?

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሥራ ላይ በተጎዳ ቁጥር «ጥንቃቄ አጉድሎ ነው» የሚለው ፍርድ ይቀድማል። ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል።

እ.ኤ.አ. በ1889 ጆን ፊክስ የተባለ የቴሌግራፍ መስመር ሠራተኛ ኒውዮርክ ውስጥ ምሰሶ ላይ ሳለ፣ በኤሌክትሪክ ተቃጥሎ በሕዝብ ፊት ሞተ። የቴሌግራፍ ሽቦ በራሱ ገዳይ አልነበረም፤ ራቅ ብሎ ከከፍተኛ ኃይል የመብራት መስመር ጋር መነካካቱን ግን ሟቹ ሊያይ አይችልም ነበር። ከተማዋ አደገኛ ሽቦዎችን በብዛት ያስቆረጠችው ከዚህ በኋላ ነው።

በ1891 በሴንት ሉዊስ 10 ተወካዮች የኤሌክትሪክ ሠራተኞችን ማኅበር መሠረቱ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሄንሪ ሚለርም በ1896 በዋሽንግተን በሥራ ላይ ሳለ ኤሌክትሪክ ይዞት፣ ወድቆ ሞተ። እርሱንም ሙያውን አያውቅም እንበል?

እንደ እኔ እምነት፣ ኃይሉ መቋረጡን ሳያረጋግጥ ሰውን ምሰሶ ላይ የሚያወጣ ተቋም ስለ ሠራተኛው ጥንቃቄ ለመናገር የሞራል ብቃት የለውም።