ዕዳ በዳሞት ምድር

ከደንበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ በጥቅምት ወር የሚያየው አገር፣ ጤፉ በማሳው የተኛ፣ በቆሎው እንደ ጫካ የቆመ፣ ኑጉ ኮረብታውን ቢጫ ያለበሰ፣ በርበሬው በየማሳው መቅላት የጀመረ ስለሆነ፣ የዚህ ምድር ሰው ስለ ዕዳ ምን ሊያውቅ ይችላል ብሎ ቢጠይቅ የሚፈርድበት የለም። ነገር ግን የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ዕዳን ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ያወቀውም ክፉ ዘመን በመጣ ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ ምድር ከሰጠች፣ ጎተራ ከሞላ በኋላም ነው። የድኻውን ዕዳ ችግር ወለደው እንበል፤ ያለው ሰው የሚገባበትን ዕዳ ግን የሚወልደው ድግስ ነው።

የእርሻው ዓመት ራሱ ለዚህ ነገር ያመቻል። እህል ታጭዶ፣ ተወቅቶና ተነፍሶ ወደ ጎተራ የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ሠርግም የሚሠረገው ዐቢይ ጾም ገብቶ የፍስክ መብል ሳይከለከል በዚያው በጥርና በየካቲት በመሆኑ፣ የሰው እጅ የሚሞላበት ወራትና ሰው ለመስጠትና ለመታየት የሚቸኩልበት ወራት አንድ ሆነው ይገጥማሉ። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርሱ ግን ጎተራው ይጎድላል፣ ዝናሙ መንገዱን ይዘጋዋል፣ የተዘራው ገና አልደረሰም፤ ያን ጊዜ በጥር ዳስ ጥሎ አገር ያበላው ሰው ስልቻውን ይዞ ከባለጸጋ ጎረቤቱ ደጅ ይቆማል። የሚበደረው እህል በመከር ጊዜ እንደ አበዳሪው ልብ ተኩል ተጨምሮበት ወይም እጥፍ ሆኖ ይመለሳል፤ ስለዚህም አዲሱ ምርት ገና በአውድማ ሳለ እኩሌታው የሌላ ሰው ነው።

ከሠርግም ይልቅ ብዙ ቤት ያራቆተው ተዝካር ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ይደርስለታል፤ በሰባተኛው፣ በሠላሳኛው፣ በአርባኛውና በሰማንያኛው ቀን፣ በመንፈቁና በዓመቱም ይታሰባል፤ የመታሰቢያውም ፍሬ ነገር ስለ ነፍሱ ለነዳያን የሚሰጠው ምጽዋት ነው። ይሁን እንጂ ትውፊቱ ከምጽዋት ወደ ግብር ሲሸጋገር፣ በተለይ አርባው፣ የሟች ክብር የሚለካበት፣ የወራሽ ልጅ ወንድነት የሚመረመርበት ቀን ሆነ። ከሳምንት በፊት ብቅሉ ይበቅላል፣ ጌሾው ይቀጠቀጣል፣ ጋኑ በወይራ ይታጠናል፤ ዋዜማው ሲደርስ ሴቶቹ ከምጣድ አጠገብ ያድራሉ። የሟች የበኩር ልጅ ለዕርድ ያቀረበው አንድ በሬ ከሆነ፣ ከዘመዶቹ አንዱ ወደ ጎን ሳብ አድርጎ፣ ባለፈው ዓመት በወዲያኛው ደብር ለእገሌ ተዝካር ሁለት ሠንጋ እንደ ወደቀ በለሆሳስ ይነግረዋል። ልጁ ሁለተኛውን ሠንጋ ፈልጎት አይደለም፤ አልራበውም፣ አላማረውም፤ ነገር ግን አባቱን በርካሽ ቀበረ መባልን ስለሚፈራ የእርሻ በሬውን ይጥላል ወይም ወደ አበዳሪ ይሄዳል። ጥማዱ ከፈረሰ በኋላም አንድ በሬ የቀረው ጎረቤት ፈልጎ ካልተቀናጀ በቀር በግንቦት የሚያርስበት የለውም። የአንዲት ሌሊት ውሳኔ የሦስትና የአራት ዓመት እርሻ ያዛባል።

ይህ ሁሉ የሚከፈልበት ገንዘብ በጥንት ጊዜ አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ነበር። የጎጃም ደቡባዊ ዳርቻ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና፣ ልናፍርበት የሚገባው የባሪያ ንግድም ጭምር የሚያልፍበት በር ነበርና፣ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በዓባይ አጠገብ የነበረውን የባሶን ገበያ አይቶ በዝርዝር ጽፎታል፤ ቡሬም የነጋዴ ቅፍለት የሚያርፍባት የታወቀች ገበያ ነበረች። አሞሌው ከአፋር ጨው ምድር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ስለሚመጣ ወደ ደቡብ በራቀ ቁጥር ይወደድ ነበር። በጠገራው፣ ማለት በማርያ ቴሬዛ ብር፣ ላይ የተቀረጸው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ስለሆነ ገበሬው ዓመቱን ሳይሆን በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ጥቃቅን የሉል ነጥቦች በጣቱ እየዳሰሰ ይመረምር፣ ያለቀውንና የደበዘዘውን ይመልስ ነበር። በዚህ ዓይነት አንድ በአንድ የተመረመረ ብር ከማድጋ ወጥቶ ከእጅ ሲለይ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል፤ ገንዘብ ማውጣት አካልን የሚያደክም ሥራ በነበረበት ዘመን ድካሙ ራሱ ለእጅ ልጓም ነበር።

ስለ አበዳሪው የቤተ ክርስቲያን ቃል የጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት ገንዘቡን በአራጣ የሚያበድር ካህን ከሹመቱ እንዲሻር ወሰኑ፤ ፍትሐ ነገሥታችንም ልቃሕን፣ ማለት ለተቸገረ ወንድም ማበደርን፣ እንደ በጎ ሥራ ሲቈጥር ርዴን፣ ማለት አራጣን፣ ያወግዛል። ሆኖም ውግዘቱ በመጽሐፍ ሲኖር አራጣው በጓዳ ኖረ። አበዳሪው ወለዱን በብር ሲጠየፍ በእህል፣ በማር፣ በጉልበት ይቀበለዋል፤ ባለዕዳውም የአበዳሪውን ማሳ ሲያርምና ሲያጭድ ሥራው ወንፈል ነው ወይስ ወለድ ነው ብሎ የሚመረምረው አልነበረም።

አበዳሪና ተበዳሪን የሚያስተሳስራቸው ግን ጽሕፈት ሳይሆን ሰው ነበር። ብድር የሚሻ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ ደግሞ ባለርስት፣ ስሙ የታወቀ፣ ነገ ቢፈለግ የማይጠፋ መሆን አለበት። ዕዳው ሳይከፈል ቀኑ ካለፈ ባለገንዘቡ የባለዕዳውን ኩታ ጫፍ ከራሱ ኩታ ጫፍ ቋጥሮ ወደ ዳኛ ይወስደዋል፤ ዳኛው ከፈረደበት በኋላም የሚከፍለው ካጣ በቁራኛ ይታሰራል። የቁራኛ እስራት ከሌላው አገር እስር ቤት የተለየ ነበር፤ የባለዕዳው እጅና የባለገንዘቡ ወይም የሎሌው እጅ በአንድ ሰንሰለት ተጣምረው፣ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። በገበያ መካከል እንዲህ ተጣምረው ሲያልፉ ያያቸው ሁሉ ማን ለማን ስንት እንዳለበት ሳይጠይቅ ያውቃል፤ ዘመድ ያያል፣ ያፍራል፣ አዋጥቶም ያስፈታል። አሠሪውም ከታሳሪው ያላነሰ ይታሰር ስለነበረ፣ ልበ ደንዳናው አበዳሪ እንኳ ነገሩን በሽምግልና ለመጨረስ ይፈልግ ነበር። ሥርዓቱ ጨካኝ እንደ ነበረ አልክድም፤ የቀረበትም ዘመን የተባረከ ነው። ነገር ግን ዕዳ የሁለት ሰዎች ሸክም መሆኑን እንደዚህ ሰንሰለት ገልጦ ያሳየ ሕግ አላውቅም።

ርስትም ሌላ አጥር ነበረ። በ1950ዎቹ ዓመታት በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው አለን ሆበን እንዳሳየው፣ የጎጃም ገበሬ መሬቱን የሚያገኘው ከአቅኚ አባት በሚቈጠር ትውልድ በመሆኑ መሬቱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የዘመድ ሁሉ ነው፤ ስለዚህ ለባዕድ ሸጦ ዕዳውን መክፈል አይችልም ነበር። የሚችለው በወለድ አገድ መስጠት ነው። አበዳሪው በወለዱ ፈንታ መሬቱን እያረሰ ምርቱን ይበላል፤ ዋናው ሲመለስለት መሬቱን ይለቃል። በዚህ መንገድ ብዙ ሰው በገዛ አባቱ እርሻ ላይ የሰው በሬ ሲጠመድ እያየ ዓመታት አሳልፏል፤ ቢሆንም ርስቱ ፈጽሞ ከትውልዱ ስላልወጣ የተበላሸውን የሚያቀናበት በር አልተዘጋበትም።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ስናያቸው በእኔ አስተያየት አንድ ነገር ይገለጣል። ሁለተኛውን ሠንጋ የሚያስጥለው ይሉኝታና ዋስ ፊት ቆሞ መበደርን የሚያስፈራው ይሉኝታ አንድ ናቸው፤ ሰውን ወደ ወጪ የሚገፋው የጎረቤት ዓይንና ከዕዳ የሚከለክለው የጎረቤት ዓይን ከአንድ ደጅ ይመለከታሉ። የአገሩ ሰው ፍላጎቱን የሚገታው በኅሊናው ብርታት ብቻ አልነበረም፤ ለመበደር የሚሄደው መንገድ ረጅም፣ የሚያልፍበትም ደጅ ብዙ ስለነበረ፣ ከአበዳሪው ሳይደርስ ጉጉቱ ይበርድለት ነበር። የተገታ እጅ የነበረው በተዘጋ ጓዳ ሳይሆን በዐደባባይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የዚህ ዐደባባይ ቀስ በቀስ መጥበብ ነው። ቡሬ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ከጣሊያን ጠላት እጅ ወጣች፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚሁ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አለፉ፤ ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው መንደርም ፍኖተ ሰላም ተብላ አደገች። በሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ የሉል ነጥብ መዳሰስ ቀረ፤ ወረቀት ቀላል ነውና ከእጅ ለመውጣትም ቀለለ። ግብሩ በገንዘብ እየተጠየቀ ገበሬው ዋጋ በሚረክስበት በመከር ወራት እህሉን ለመሸጥ ተገደደ፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜም ደጋ ዳሞትና ሞጣ ጭምር በዓመፅ መነሣታቸው የታወቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ፣ ተዋዋዮቹ ልኩን ሳይወስኑ ከቀሩም ከመቶ 9 እንዲሆን ደነገገ፤ ነገር ግን የአራጣ አበዳሪ ሰነድ ሲያጽፍ ዋናውንና ወለዱን አንድ አድርጎ እንደ ዋና ስለሚያጽፍ ሕጉ ብዙ ጊዜ የሚይዘው አጣ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን መሸጥም፣ መያዣ ማድረግም፣ በወለድ አገድ መስጠትም ከለከለ። ርስቱ ሲሻር አጥሩም አብሮ ወደቀ።

የዋስን ነገር ወደ አደባባይ መልሶ ያመጣው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ አብቁተ የሚለው፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት ሥር ተጀምሮ፣ በ1997 ራሱን ችሎ፣ በመጨረሻም በ2022 ጸደይ ባንክ የሆነው ይህ ተቋም መያዣ ለሌለው ገበሬ ያበደረው በቡድን ዋስትና ነው። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ተቧድነው አንዱ ለሌላው ይዋሳሉ፤ አንዱ ቢያጎድል ቀሪዎቹ ይጠየቃሉ። በብድሩ በግ የገዛም፣ በርበሬ የነገደም ነበረ፤ ብሩን ለሠርግ ያዋለም አልጠፋም፤ ግን ለሠርግ ያዋለውን ጓደኞቹ ቀድመው ያውቁበት ነበር። የማዳበሪያ ዕዳ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን ጉጉት አላመጣውም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ እጅግ ስለ ተመረተ ዋጋው ወድቆ፣ ብዙ ያመረተ ገበሬ የማዳበሪያውን ዋጋ መክፈል ተስኖት በተከታዩ ዓመት ማዳበሪያ መውሰዱን ቀነሰ። እንዲህ ያለውን ሰው ቈጥብ ብሎ መምከር ከንቱ ነው፤ እርሱ በመታቀብ የሚድን አልነበረምና።

በሌላው ዓለም ብድር ምስክር ካጣ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1950 በኒው ዮርክ ዳይነርስ ክለብ ለምግብ ቤት ሒሳብ መክፈያ ካርዱን አወጣ፤ በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ ከተማ ለነዋሪው ሳይጠየቅ የብድር ካርድ በፖስታ ላከለት። የዚህ ካርድ ጥበብ፣ ባለዕዳው በየወሩ ከዕዳው ጥቂት እንዲከፍል መፍቀዱና በቀሪው ላይ ወለድ ማስቈጠሩ ነው፤ የዕዳውን ጥቂት እጅ ብቻ እየከፈለ የሚኖር ሰው ዋናውን ሳይነካው ዓመታት ያልፋሉ። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ያውቁታል፤ ላገር ቤት ተዝካርና ለልጅ ሠርግ የሚወጣው ወጪ በካርድ ሲከፈል የፍኖተ ሰላሙ ይሉኝታ በባሕር ማዶ ወለድ ይከፍላል። በአገራችንም በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በ2014 ከዳሸን ባንክ ጋራ ሆኖ «መላ» የሚባል አነስተኛ ብድር፣ ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላ «እንደኪሴ» የሚባል አገልግሎትና «ሳንዱቅ» የሚባል ቁጠባ አቀረበ። እንዲህ ያለው ብድር ለነጋዴ እናት በአስቸኳይ ቀን እውነተኛ ረዳት ይሆናል፤ ከአራጣ አበዳሪም ያድናታል። ነገር ግን በሱቅ መስኮት ፊት ቆሞ የተመኘውን ጨርቅ ለመግዛት ለሚበደረው ጎልማሳ ዋስ የሚሆነው፣ ተው የሚለው፣ ምን ልታደርገው ነው የሚለው የለም፤ የሚያስገዛው የሰው ዓይን ግን እንደ ቀድሞው አለ። የሚያሳስበኝ ይህ ሚዛን መዛነፉ ነው።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ከተማ ነጋዴዎች ዘንድ ያለው ዕቁብ ለዚህ ሲባል በቅርብ ሊታይ ይገባዋል። አባላቱ በተወሰነ ቀን ይሰበሰባሉ፣ ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ ገንዘቡ በዳኛው ፊት ይቈጠራል፣ ዘግይቶ የመጣ ይቀጣል፣ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው በመጀመሪያ የደረሰው ሰው በእውነቱ ተበዳሪ ነው፤ በመጨረሻ የሚደርሰው ቈጣቢ ነው፤ በመካከላቸው ግን ወለድ የለም። ዕዳ ያለበት ሰው አንድ ሙሉ ዕጣ የማይችል እንደ ሆነ ግማሽ ዕጣ ይገባል፤ በየሳምንቱ ገበያ የሚያገኘው ሳንቲም በጠላ ቤትና በልብስ ሳይበተን ከእጁ ቀድሞ ይወጣለታል። ተራው ሲደርስ ብሩ ወዲያው አይሰጠውም፤ ቀሪውን እንደሚጥል የሚያረጋግጥለት ዋስ መጥራት አለበት። ዋሱ ሲመጣም ፈርሞ ዝም አይልም፤ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ይጠይቃል፤ ሰውየውም፣ ያለበትን ዕዳ ለእገሌ ለመክፈል ከሆነ፣ እገሌን ራሱን እዚያው ይዞት ይመጣል።