የጎን ነፋስና የአነስተኛ አውሮፕላኖች አስቸጋሪ ማረፊያ
አውሮፕላን የሚያርፈው በተቻለ መጠን ነፋስን ፊት ለፊት እየተጋፈጠ ነው። ነፋሱ ፍጥነቱን ስለሚገታለት በአጭር ርቀት ይቆማል፤ መንደርደሪያ ሜዳ ሲሠራም በአካባቢው የሚዘወተረው የነፋስ አቅጣጫ የሚጠናው ለዚሁ ነው። ነፋስ ግን የሜዳውን መስመር ሁልጊዜ አይከተልም። ከመስመሩ 30 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ነፋስ እንኳ የፍጥነቱን ግማሽ ያህል ከጎን ያሳርፋል።

ለአነስተኛ አውሮፕላኖች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዓለም በብዛት የተመረተው ባለ አራት መቀመጫው ሴስና 172 ከነጭነቱ 12 ኩንታል አይሞላም። አምራቹ በሙከራ በረራ ያረጋገጠው የጎን ነፋስ መጠንም 15 ኖት፣ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ወንዝ የሚሻገር ታንኳ ቀዛፊ ወራጁ ውኃ እንዳይወስደው የታንኳውን አፍንጫ ወደ ላይኛው ወንዝ ያዞራል። አብራሪውም ወደ ሜዳው ሲቃረብ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ነገር ግን ጎማ እንደ ታንኳ ወደ ጎን አይንሸራተትም፤ አውሮፕላኑ ተጣሞ ካረፈ ጎማው ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ አብራሪው መሬት ከመንካቱ በፊት በእግር መርገጫው አፍንጫውን ያቀናል፤ በእጅ መሪው ደግሞ በነፋሱ በኩል ያለውን ክንፍ ዝቅ ያደርጋል። በትክክል ሲከናወን በዚያው በኩል ያለው ጎማ ቀድሞ ያርፋል።

ከባዱ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጎማው መሬት ሲነካ አብራሪው ተገላገልሁ ብሎ መሪውን ያላላል፤ ነፋሱ ግን አልቆመም። ጅራቱን ገፍቶ አፍንጫውን ወደ ራሱ ያዞረዋል፣ ከክንፉ ሥር ገብቶም ያነሣዋል። ፍጥነት እየቀነሰ ሲሄድ መሪው የሚይዘው አየር ስለሚያንስ አውሮፕላኑ ለአብራሪው የሚታዘዘውም እየቀነሰ ይመጣል። በተለይ ሦስተኛው ጎማቸው ከጅራት ሥር የኾነ አውሮፕላኖች ክብደታቸው ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ስለሚያርፍ አንዴ መዞር ከጀመሩ ራሳቸውን አያቀኑም፤ ክንፋቸው መሬት እስኪመታ ድረስ ሊሽከረከሩ ይችላሉ።

እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ሜዳዎች አየሩ ስስ ነው። በመኾኑም ነፋስ በሌለበት ጊዜ እንኳ አውሮፕላኑ በባሕር ዳርቻ ከሚያርፍበት ፍጥነት ከ10 በመቶ በላይ ጨምሮ መሬት ይነካል፤ ስሕተት ለማረም ያለው ጊዜም ያጥራል።

የእግር መርገጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ አፍንጫው ካልቀና፣ ነፋሱ ከአውሮፕላኑ ዐቅም በላይ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ አብራሪው ሞተሩን ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ እንደገና ይነሣል፤ ነዳጁ ሳያጥርም ወደ ሌላ ማረፊያ ያቀናል።