የፎቶግራፍ መደብና የሰው መልክ፤ የሐዲያና የከምባታ የቆዩ ፎቶግራፎች አስተዳደስ

ሆሳዕና ቀድሞ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ስለ አገሩ ያለፈ ኑሮ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው የሐዲያ ታሪክ እንኳ በብዙው የቆመው በቃል ትውፊት ላይ ነው። እንግዲህ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ በየቤቱ ያለ የቆየ ፎቶግራፍ ለተመራማሪ እንደ ሰነድ የሚቈጠር ማስረጃ ነው። ይህ ማስረጃ በኮምፒዩተር ሲታደስ በምስሉ ዙሪያ ያለው ቀለም፣ ማለት መደቡ፣ የአዳሹን ዓይን ሊያሳስት እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል።

ነገሩ ዛሬ የተገኘ አይደለም። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሸቭረል በፓሪስ በጎብለን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ቀለም ደካማ ነው የሚል አቤቱታ ደረሰው። ቢመረምረው ጉድለቱ ከማቅለሚያው አልነበረም፤ ጥቁሩን ያደከሙት አጠገቡ የነበሩት ሰማያዊና ወይን ጠጅ ክሮች ነበሩ። የምርመራውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ። በዚህ ሕግ መሠረት አንዱ ግራጫ በነጭ ላይ ሲቀመጥ የጠቈረ፣ በጥቁር ላይ ሲቀመጥ የነጣ፣ በአረንጓዴ ላይ ሲቀመጥ ወደ ቀይ ያዘነበለ መስሎ ይታያል።

የኮምፒዩተሩም መደብ ከዘመን ወደ ዘመን ተለውጧል። ፎቶሾፕ የተባለው ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት ፈካ ያለ ግራጫ መደብ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ዕትሙ ግን ጥቁር ግራጫ ሆነ። ጠይም ፊት በነጭ መደብ ላይ ሲታይ ከልኩ በላይ ይጠቁራል፤ አዳሹም ያን ለማረም ምስሉን ያበራዋል። በዚህ ጊዜ የሽማግሌው መልክ ይነጣል፤ የነጠላውም ሽመና በንጣቱ ውስጥ ይጠፋል። በጥቁር መደብ ላይ ግን ምስሉ የበራ ስለሚመስል ሳይነካ ይቀራል፤ በነጭ ወረቀት ሲታተም ፊቱ ይጨልማል። ስሕተቱ ሁለት ዓይነት ቢሆንም ምክንያቱ አንድ ነው።

ስለዚህ እርማቱ በመካከለኛ ግራጫ መደብ ላይ ቢደረግ ይሻላል፤ ይኸውም ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ከ255 እያንዳንዳቸው 119 የሆኑበት ነው። የሚታይበትም ወረቀት ወይም ግድግዳ አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል። ከሁሉም በላይ መጀመሪያ የተቀዳው ምስል ሳይነካ ይቀመጥ። የታደሰው ለዓይን ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ምስክርነቱ የሚመረመረው ግን ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ ነው።