ሳይጻፍ የቀረው ኒሻን

በመጽሐፈ አስቴር በ6ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፣ ንጉሥ አርጤክስስ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ስላለው የዘመኑን የታሪክ መዝገብ አስመጥቶ በፊቱ አስነበበ። በመዝገቡም መርዶክዮስ የሚባል ሰው ንጉሡን ከሞት እንዳዳነ ተጽፎ ተገኘ። ንጉሡ «ለዚህ ሰው ምን ክብር ተደረገለት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ምንም እንዳልተደረገለት ነገሩት። ይህን ታሪክ ከታችኛው ክፍል ጀምረን ስንሰማው ኖረናል፤ ትርጉሙ በደንብ የገባን ግን ዘንድሮ ነው። መርዶክዮስ ሥራው ተጽፎ ክብሩ ቀርቶበት ነበር፤ በእኛ አገር ደግሞ ክብሩ ተሰጥቶ ጽሕፈቱ የቀረበት ሰው አለ። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ያየነውን ለወላጆቻችን፣ ለመምህራኖቻችንና ለታናናሾቻችን ልናካፍል አሰብን።

የደባርቅና የዳባት ልጆች ሁላችንም ሊማሊሞን እናውቀዋለን። ከአስመራ ወደ ጎንደር የሚመጣው መንገድ ከዛሪማ ቆላ ተነሥቶ፣ በገደሉ ላይ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ፣ ወደ ደባርቅ የሚወጣበት ሥፍራ ነው። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን መንገዱን ሠርተው፣ በአፋፉ ላይ በወልቅፊት ጠንካራ ምሽግ አበጁ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ አገር ሁሉ እልል ቢልም፣ በእኛ ደጋ የጠላት ባንዲራ ገና አልወረደም ነበር። በሌተና ኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ የሚታዘዘው ጦር ክረምቱን ሁሉ በወልቅፊት ተቀምጦ ቆየ። የእንግሊዝ ጦር በመድፍና በአውሮፕላን ሲደበድበው፣ አርበኞቹ ደግሞ በደባርቅና በዳባት በኩል ከጎንደር ስንቅ እንዳይደርሰው መንገዱን ይቆርጡ ነበር። ሥራውም ያለ ጉዳት አልተፈጸመም፤ ከአርበኞቹ አለቆች አንዱ የነበሩት ራስ አያሌው ብሩ በሰኔ 1933 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቁ። በመጨረሻም ረኃብ የጠናበት ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም.፣ በመስቀል ሰሞን፣ እጁን ሰጠ፤ የተማረከውም ሰው 3,000 ያህል ነበር። ጎንደር ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። እንግዲህ የወገራና የሰሜን አርበኛ አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች በኋላም ወራት ሙሉ በዝናምና በብርድ ተዋግቷል ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በወልቅፊት ከኢጣልያ ወገን የተዋጋው አንጀሎ ባስቲያኒ ከመንግሥቱ የወርቅ የጀግንነት ሜዳይ ተሸልሟል፤ ስሙም እስከ ዛሬ በመዝገብ ይገኛል። በዚያው ገደል በእኛ ወገን የቆመው ባላገር ግን ስንቱ ነው ስሙ የተጻፈው? ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የሚለውን መጽሐፍ በ1949 ዓ.ም. በማሳተማቸው የጎንደርን አርበኞች ከመረሳት አድነዋል። ይሁን እንጂ የአንድ አገር ተዋጊ ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ተዘርዝሮ ሊያልቅ አይችልም። የቀረውን ሊይዝ የሚገባው መዝገብ ነው።

ከድል በኋላ መንግሥት ለታገሉት ልዩ ልዩ ሽልማት አቆመ። ለድሉ መታሰቢያ የድል ኮከብ፣ በስደት ለቆዩት የስደት ሜዳይ፣ በዱር በገደል ለታገሉት ደግሞ የአርበኝነት ሜዳይ ተሰጠ። በአርበኝነት ሜዳይ ጥብጣብ ላይ የሚደረገው ዘንባባ ባለሜዳዩ የታገለባቸውን ዓመታት ያመለክታል፤ አምስቱን ዓመት የታገለ ባለ 5 ዘንባባ ይባላል። ስለዚህ ይህ ሜዳይ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሚነበብ ጽሑፍም ነው።

ታዲያ የሰው ሽልማት ከመዝገብ የሚቀረው እንዴት ነው? ሽማግሌዎችን ጠይቀን የተረዳነው ይህን ነው። በዱር የተዋጋውን ሰው የሚያውቀው አለቃው ነው፤ አለቃው የሞተበት ወይም የተማረከበት ተዋጊ መስካሪ ያጣል። ከአንዱ አለቃ ወደ ሌላው የተዛወረም በሁለቱም ዘንድ እንደ እንግዳ ይቆጠራል። ደግሞም የአገራችን ሰው ብዙ ስም አለው፤ እናቱ የምትጠራው ሌላ፣ የክርስትና ስሙ ሌላ፣ በጦር ሜዳ «አባ እገሌ» የተባለበትም ሌላ ነው። ጸሐፊው አንዱን ስም በአንድ ወረቀት፣ ሌላውን በሌላ ወረቀት ሲያሰፍር አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል። በሐመሩ «ሐ» እና በሃሌታው «ሀ»፣ በንጉሡ «ሠ» እና በእሳቱ «ሰ» የተነሣም መዝገብ አገላባጭ ስሙን ሳያገኝ ያልፈዋል። ስንቅ አቀብለው፣ ወሬ አመላልሰው፣ ቁስለኛ የደበቁ ሴቶችማ ብዙዎቹ ከመጀመሪያውም አልተመዘገቡም። የወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ስም ሲነሣ የምንኮራውን ያህል፣ ስማቸው ያልታወቀውን የገጠር እናቶችም ልናስብ ይገባል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። ከእኛ መካከል የአንዱ ቅድመ አያት ከዳባት በታች ባለ መንደር የኖሩ አርበኛ ነበሩ። ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። በቤቱ የቀሩት አንድ ያረጀ ፎቶግራፍ፣ አንድ የምስክር ወረቀትና በቆዳ ከረጢት የተቀመጡ ጥቂት ደብዳቤዎች ናቸው። በፎቶግራፉ ላይ ደረታቸው ሁለት ሜዳይ ይታይበታል፤ በምስክር ወረቀቱ የተጻፈው ግን የድል ኮከብ ብቻ ነው። ሜዳዮቹ ራሳቸው በክፉ ቀን ከቤት ወጥተው ቀርተዋል። ከዚህ የተነሣ በመንደሩ ክፉ ወሬ ተወራ። ሴት ልጃቸው ዛሬ አሮጊት ናቸው፤ ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ቡና አፍልተው ካስቀመጡን በኋላ እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ አባቴ የሰው ኒሻን ተውሰው ፎቶግራፍ ተነሡ ይባላል። ጡረታ አልጠይቅም፣ መሬት አልጠይቅም፤ እኔ ሳልሞት ይህ ነገር ይጥራልኝ።»

እኛም ነገሩን እንደ ቀላል ቆጥረን ጀመርነው። ቤተሰቡ ሁሉ «አምስት ዓመት በዱር የኖሩ» እያለ ስለሚያወራ፣ ባለ 5 ዘንባባ የአርበኝነት ሜዳይ መዝገቡ ላይ ይጨመርልን ብለን ማመልከቻ አረቀቅን። መምህራችን ግን ረቂቁን አንብበው «ማስረጃችሁ የት አለ?» አሉን። አፈርን፤ ከዚያም ፍለጋ ገባን።

በመጀመሪያ ከረጢቱን ፈታን። ከደብዳቤዎቹ አንዱ አርበኛው ራሳቸው ለአንድ መሥሪያ ቤት የጻፉት አቤቱታ ግልባጭ ነበር። በዚያም ላይ ወደ ዱር የገቡት በ1930 ዓ.ም. ክረምት መሆኑንና እስከ ወልቅፊት ድል መዋጋታቸውን፣ የተሰጣቸው ሁለተኛው ሜዳይ ከወረቀታቸው ላይ መቅረቱንም በግልጽ አስፍረዋል። ቀጥለን ፎቶግራፉን በማጉያ መነጽር ተመለከትነው። በሁለተኛው ሜዳይ ጥብጣብ ላይ የሚታዩት ዘንባባዎች ሦስት ናቸው፤ አምስት አይደሉም። ከ1930 ዓ.ም. ክረምት እስከ ድሉ ዓመት ቢቆጠር ሦስት ዓመት ስለሚሆን፣ አቤቱታውና ፎቶግራፉ ተስማሙ። በሦስተኛ ደረጃ በአንድ አለቃ ሥር አብሯቸው የተዋጋ ሰው ቤተሰብ አገኘን። የእርሱ ምስክር ወረቀት በዚያው ቀን የተሰጠ ሲሆን ሁለቱም ሜዳዮች ተጽፈውበታል። ያን ዕለት የደስታችን ልክ አልነበረም።

ነገር ግን ደስታው ከጭንቅ ጋር መጣ። ያገኘነው ማስረጃ የመንደሩን ሐሜት ውሸት ሲያደርግ፣ የቤተሰቡንም ወሬ በሁለት ዓመት አጐደለው። አምስት ብለን ብንጠይቅ የራሳችን ማስረጃ ይመሰክርብናል፤ ሦስት ብለን ብንጠይቅ ደግሞ አሮጊቷን እናሳዝናቸዋለን። ከእኛ አንዳንዶቹ «ማን ያውቃል? አምስት እንበል» ብለው ነበር፤ ብዙ ተከራከርን። በኋላ ግን ሐሰት የጨመርንበት እውነት እንደ ሐሰት ይቆጠራል ብለን ተስማማን። ሄደንም ነገርናቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው መሬት መሬት ካዩ በኋላ፣ «አባቴ በእጃቸው ሦስት ብለው ከጻፉ እኔ ማን ነኝና አምስት እላለሁ? ሦስቱ የራሳቸው ይሁን» አሉ። ከመጻሕፍት ሁሉ ይልቅ ይህ አነጋገር ታሪክ ምን እንደሆነ አስተማረን።

እንዲህ ያለው ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ1946 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት የወታደሮችን መዝገብ ስሕተት የሚያርም ቦርድ ተቋቁሟል፤ አመልካቹ፣ ወይም እርሱ ከሞተ ወራሹ፣ ማስረጃውን አያይዞ ያመለክታል። ከአገልግሎት መሰናበቻው ወረቀት ላይ ሽልማት የተዘነጋ እንደሆነ ለብቻው የማረሚያ ወረቀት ይሰጣል። ሐምሌ 12 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው የመዝገብ ቤት እሳት ተነሥቶ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ፋይሎች ተቃጥለዋል። ሠራተኞቹ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ ከደመወዝ ሰነዶችና ከየዕለቱ የጦር ክፍል መዝገብ የብዙዎችን አገልግሎት እንደገና ለማቋቋም ችለዋል። ደግሞም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተዋጉት ጥቁር አሜሪካውያን አንድ ስንኳ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ አላገኘም ነበር። ነገሩ ተመርምሮ በጥር 1997 እ.ኤ.አ. ለሰባቱ ሲሰጥ፣ በሕይወት ኖሮ በእጁ የተቀበለው ቨርኖን ቤከር ብቻ ነበር። እርሱም በኢጣልያ ምድር የተዋጋ መኮንን ነው። ከ50 ዓመት በላይ የዘገየ ክብር ቢሆንም፣ ስድስቱ ለቤተሰቦቻቸው ደርሷል። ከዚህ የምንማረው መዝገብ ቢሳሳት ሊታረም፣ ቢጠፋም ከሌላ ማስረጃ ሊጠገን እንደሚችል ነው።

የእኛ ጉዳይ ገና አላለቀም። ማመልከቻውን በአዲስ መልክ ጽፈን፣ የሦስቱን ማስረጃዎች ግልባጭ አያይዘን፣ በሴት ልጃቸው ጣት አስፈርመን ለሚመለከተው ክፍል አስገብተናል። ዋናው መዝገብ እየተፈለገ ነው ተብለናል። በሁለተኛ ጊዜ ስንሄድም የተሰጠን መልስ ይኸው ነበር። እኛ ይህን ትምህርት ቤት ለቅቀን በየአቅጣጫው ስንበታተን፣ የ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጉዳዩን ተከታትለው እንዲያስፈጽሙ የማመልከቻውን ቁጥር አስረክበናቸዋል።

በመካከሉ አንድ ነገር አድርገናል። ከቤተሰቡ አንዱ በአሮጌው ምስክር ወረቀት ባዶ ቦታ ላይ የጎደለውን በእስክሪብቶ እንጨምርበት ብሎ ነበር፤ እኛ ግን እምቢ አልን። የተፋቀ ወይም የተደለዘ ወረቀት እውነት ቢናገር እንኳ የሚያምነው የለም። በዚህ ፈንታ ያገኘነውን ሁሉ በንጹሕ ወረቀት ጽፈን፣ ማስረጃው ከየት እንደመጣ አመልክተን፣ ሽማግሌዎች ፈርመውበት ከአሮጌው ጋር በከረጢቱ ውስጥ አስቀመጥነው። አሮጌው እንደነበረ ይቆያል፤ አዲሱ የጎደለውን ይናገራል።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች ሆይ፣ በየቤታችሁ ሣጥን አለ፤ በየሣጥኑም ወረቀት አለ። አይጥና ምስጥ ሳይበሉት አውጡትና አንብቡት። አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ የክርስትና ስማቸውን፣ የአለቃቸውን ስም፣ የዘመቱበትን ዓመትና ቦታ ጠይቃችሁ ጻፉ። ስትጽፉም አትጨምሩ፣ አትቀንሱም። መርዶክዮስ ክብሩን ያገኘው በዚያ ሌሊት መዝገቡን የሚያነብ ሰው ስለተገኘ ነው፤ ከዚያም በፊት የሠራውን ሥራ በትክክል የጻፈ አንድ ጸሐፊ ነበር። የዚያ ጸሐፊ ስም በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ እኛ ግን የእርሱን ሥራ ለመሥራት እንመኛለን።