ተገጣጣሚ የቤት ዕቃና የመሣሪያ ሣጥናችን

ተፈታትቶ በካርቶን የሚሸጥ የቤት ዕቃ ዛሬ ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። የመጻሕፍት መደርደሪያው፣ የኮምፒዩተር ጠረጴዛው፣ ባለ አራት መሳቢያው የልብስ ማስቀመጫ ሁሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይመጣል። በካርቶኑ ውስጥ አንድ ባለ ሥዕል ወረቀት፣ በላስቲክ የታሰረ ብሎንና ቪቴ፣ አንዲት የታጠፈች ትንሽ ቁልፍም አለች። ሻጩ ታዲያ “ጋሼ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግዎትም፤ መፍቻው እውስጡ አለ” ይላል። እኔም አምኜው ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። ይህን የምጽፈው ያ እምነት ካስከፈለኝ በኋላ ስለሆነ አንባቢ የሻጩን ቃል ከነጥርጣሬው እንዲይዘው ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ታሪክ ከአይኬያ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1956 የድርጅቱ ሠራተኛ የነበረው ስዊድናዊ ጊሊስ ሉንድግሬን “ሎቬት” የተባለ ጠረጴዛ መኪና ውስጥ አልገባ ቢለው እግሮቹን ፈትቶ ጫነው። ከዚያ በኋላ የአናጢው የመጨረሻ ሥራ ወደ ገዢው ተላለፈ። እኛ የሕግ ሰዎች ግዴታው ተዛወረ እንላለን። የአናጢው የመሣሪያ ሣጥን ግን አብሮ አልተዛወረም።

ከታጠፈችው ቁልፍ እንጀምር። ባለ ስድስት ጎን ጫፍ ያላት ይህች መፍቻ አለን ኪይ ትባላለች። ስሟ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1910 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ካስመዘገበው ዊሊያም አለን ነው። ከካርቶኑ የምትወጣዋ አብዛኛውን ጊዜ ከለስላሳ ብረት የተሠራች ናት። ሃያ ብሎን ካጠበቀች በኋላ ጠርዟ ይሟሟል፤ ከዚያ ወዲህ የምታበላሸው የብሎኑን ራስ ነው። ስለዚህ ከ1.5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያለውን፣ ክንዱ ረዘም ያለውን ስብስብ ቢገዙ ለዓመታት ያገለግልዎታል። በቤት ዕቃ ላይ አዘውትረው የሚፈለጉት ባለ 4 እና ባለ 5 ሚሊ ሜትሮቹ ናቸው።

ካቻቪቴን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ባለ መስቀል ቪቴ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ፊሊፕስ ነው፤ ሌላው ደግሞ ፖዚድራይቭ ይባላል። የፖዚድራይቭን ራስ ልብ ብለው ካዩት በመስቀሉ ክንዶች መካከል አራት ቀጫጭን ጭረቶች አሉት። ለአውሮፓ ገበያ የሚሠሩ ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት ይህንን ነው። በፊሊፕስ ካቻቪቴ ሊያጠብቁት ሲሞክሩ ይንሸራተታል፣ ቪቴውን ይልጣል፣ እርስዎም ጉልበት ያነሰዎት ይመስልዎታል። ሁለቱንም በቁጥር 2 መጠን ይያዙ፤ ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው።

በባትሪ የሚሠራ ካቻቪቴ ሥራ ያፋጥናል፤ ይሁንና ዕቃ የሚያበላሽም እሱ ነው። ከገዙ ባለ 12 ቮልት የሆነና አንገቱ ላይ የጉልበት መቆጣጠሪያ ቀለበት ያለው ይምረጡ። ቀለበቱን ዝቅተኛው ቁጥር ላይ ያድርጉት፣ የመጨረሻዋን ዙር ደግሞ በእጅዎ ያጥብቁ። ምክንያቱን አንድ ሰፈሬ ያለ አናጢ እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ “ጋሼ፣ ይሄ እኮ እንጨት አይደለም፣ በሙጫ የተያዘ ዱቄት ነው።” እውነቱን ነው። ቺፑድ ማለት የእንጨት ፍርፋሪ ከሙጫ ጋር ተጨፍልቆ የወጣ ሰሌዳ ነው። ቪቴው አንዴ ከመጠን በላይ ከዞረ ቀዳዳው ይፈረፈራል፤ ከዚያ በኋላ ቢያጠብቁት አይጠብቅም።

ከዚህ ሌላ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ የጎማ መዶሻና ለኋላ ሰሌዳው ምስማር የሚሆን ቀላል መዶሻ ያስፈልጋል። ፒንሳም አይጠላም። ሜትሩን ለምን እንደምጠቅስ ልንገርዎት። ያ ቀጭን የኋላ ሰሌዳ ለሽፋን የተሰጠ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ መደርደሪያው እንዳይንጋደድ የሚይዘው ግን እሱ ነው። ከመምታትዎ በፊት ሳጥኑን ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ሳጥኑ ጠሟል፤ መሳቢያውም ዕድሜ ልኩን ሲነክስ ይኖራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለ አራት መሳቢያውን ገጥሜ ስጨርስ ላስቲኩ ውስጥ አንዲት የታጠፈች ብረትና ሁለት ቪቴ ተረፉኝ። ትርፍ ናቸው ብዬ ኪሴ ከተትኳቸው። በሳምንቱ ልትጠይቀን የመጣችው እህቴ የሦስት ዓመት ልጅ አላት። ልጁ የታችኞቹን መሳቢያዎች ጎትቶ እንደ ደረጃ ረገጣቸው። ዕቃው ወደ ፊት አጋደለና አልጋው ጠርዝ ላይ አረፈ። አልጋው እዚያ ባይኖር ኖሮ የሚለውን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ጨርሼው አላውቅም። ያቺ ትርፍ ያልኳት ብረት ዕቃውን ከግድግዳ ጋር የምታስር ነበረች።

እኔ ያልሰማሁትን ሌላው ዓለም በውድ ዋጋ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ2016 አይኬያ ሕፃናት ላይ ወድቀው ሕይወት በማጥፋታቸው በአሜሪካ ገበያ የሸጣቸውን 29 ሚሊዮን ያህል ባለ መሳቢያ ዕቃዎች መልሶ ለመሰብሰብ ተገዷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ደግሞ እነዚህ ዕቃዎች በቀላሉ እንዳይገለበጡ አስገዳጅ መስፈርት የሚያወጣ ሕግ እዚያው አሜሪካ ጸድቋል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሊገኝ የሚገባው መሣሪያ ግድግዳ የሚበሳ ትራፓኖ ነው። በዓመት ሁለት ቀን ለሚሠራበት ሰው መግዛት የግድ አይደለም፤ መከራየት ወይም ከጎረቤት መዋስ ይቻላል። ፑንታውንና ፊሸሩን ግን እንደ ግድግዳዎ ዓይነት ይምረጡ። ለ8 ሚሊ ሜትር ፊሸር 8 ሚሊ ሜትር የግንብ ፑንታ ነው የሚሄደው። ኮንክሪት ከሆነ የመዶሻ ምቱን ተጠቅመው ይብሱት። ኮንዶሚኒየምን ጨምሮ ብዙ ቤቶቻችን የተገነቡበት ብሎኬት ግን ውስጡ ክፍት ነው። በምት ከበሱት የውስጠኛው ገጽ ይፈረካከስና ፊሸሩ የሚነክሰው ያጣል። ምቱን አጥፍተው በዝግታ ይብሱት፤ ክፍቱ ውስጥ ሲገባ የሚቋጠር ረዘም ያለ ፊሸርም ይጠቀሙ። ለጂፕሰም ክፍልፋይ የራሱ ማያያዣ አለው። የጭቃ ቤት ከሆነ ፊሸር ምንም አይሠራም፤ በልስኑ ሥር ያለውን ቋሚ እንጨት ፈልገው በረጅም ቪቴ ያስሩት። ከማብሪያና ማጥፊያው ወይም ከሶኬቱ ትይዩ ወደ ላይም ሆነ ወደ ጎን አይብሱ፤ 220 ቮልት የተሸከመው ሽቦ የሚሄደው በዚያ ነውና።

ስለ ሕጉ አንድ ቃል ብቻ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገዢ ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ካገኘ ወዲያው ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። የዘገየ ገዢ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ካርቶኑን ለሦስት ወር ኮሪደር ላይ የምናቆም ሰዎች ይህን ብናውቅ ደግ ነው። ቢቻል ሱቁ ውስጥ፣ ባይቻል በዚያው ቀን ቤት ውስጥ ከፍተው ብሎኑንና ቪቴውን ከወረቀቱ ጋር እያመሳከሩ ይቁጠሩ፣ ፎቶግራፍም ያንሱ። ያቺ ግድግዳ ላይ የምታስር ብረት ከሌለች ዕቃው ጎደሎ ነው፤ ሻጩ እስኪያመጣት ድረስም ዕቃውን ልጅ በሚገባበት ክፍል አያቁሙት። ባለ ሁለት ቀዳዳ የብረት ማዕዘን ከማንኛውም የግንባታ ዕቃ ሱቅ ገዝቶ መተካትም ይቻላል።

ካሰሩት በኋላ የላይኛውን ጠርዝ በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ ራስዎ ይሳቡት። ከተነቃነቀ ፊሸሩን ነቅለው ሌላ ቦታ ይብሱ።