የባሉጋኒ ስም

ከእንጅባራ በስተምሥራቅ፣ ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይ አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ምንጩን አየና ከአውሮፓ የመጀመሪያው እኔ ነኝ አለ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ደርሶበት ነበር፤ ብሩስ አልደረሰም ብሎ ካደ። (አገዎቹማ መች ጠፍቷቸው!)

እኛን የቆረቆረን ግን የሠዓሊው ነገር ነው። የቦሎኛው ሉዊጂ ባሉጋኒ ግሽ ድረስ አብሮት ሄዷል፤ ዕፅዋቱን ስሏል፤ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ሰውየውን ከግሽ ጉዞ በፊት ገደለው፤ ሥዕሎቹንም እንደ ራሱ አቀረባቸው። የሞተ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ደግነቱ፣ ባሉጋኒ በጣሊያንኛ የያዘው የጉዞ ማስታወሻ ተረፈ፤ እሱው መሰከረለት።

እኛም ለመመረቂያ ጽሑፋችን ዳንግላ ወርደን ሽማግሌዎች አነጋግረናል፤ ያወቅነውን ሁሉ የነገሩን እነሱ ናቸው። ረቂቁን ገልጠን ብናይ የኛ ስም ብቻ ነው ያለው።