ግድብ ያስቆመች ዓሣ

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1973 የቴነሲ ዩኒቨርሲቲው የዓሣ ተመራማሪ ዴቪድ ኤትኒየር ሊትል ቴነሲ በተባለው የአሜሪካ ወንዝ ውስጥ አዲስ ዓሣ አገኘ። ርዝመቷ ከአንድ ጣት ብዙም አይበልጥም። ቀንድ አውጣ ስለምትበላ ስኔይል ዳርተር ተባለች።

በዚያው ወንዝ ላይ ቲቪኤ የተባለው የመንግሥት ድርጅት ከ1967 ጀምሮ የቴሊኮን ግድብ ይሠራ ነበር። ግድቡ የራሱ ተርባይን እንኳ የለውም፤ ውሃውን በቦይ ወደ ጎረቤት ግድብ ያሻግራል። ለዚህ ሲባል ከ300 በላይ ቤተሰቦች ከመሬታቸው ተነሡ። የቸሮኪ ሕዝብ ጥንታዊ ከተሞች፣ ቴነሲ ስሟን ያገኘችበት ታናሲም ጭምር፣ ሊሰጥሙ ነው።

ገበሬዎቹ ዝም አላሉም። በ1972 ፍርድ ቤት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት በአግባቡ አልቀረበም ብሎ ሥራውን አገደ። ጥናቱ ቀረበ፣ እገዳው ተነሣ። ሕጉ የሚለው አጥና እንጂ አትገንባ አይደለማ!

በ1973 መጨረሻ የወጣው የብርቅዬ ዝርያዎች ሕግ ግን ከዚህ የጠነከረ ነበር፦ መንግሥት አንድን ዝርያ የሚያጠፋ ሥራ መሥራት አይችልም። ሃንክ ሂል የተባለ የሕግ ተማሪ ይህን ከዓሣዋ ጋር አገናኘው፤ ከመምህሩ ዚግመንት ፕላተር ጋር ሆነውም ከሰሱ። በሰኔ 1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ፈረደላቸው። ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ግድብ ቆመ።

አገር ጉድ አለ። ለአንዲት ዓሣ? ነገር ግን ዓሣዋ ብቻዋን አልነበረችም። ገበሬውም ቸሮኪውም ከኋላዋ ቆመዋል፤ ሕጉ እነሱን አያድንም፣ እሷን ግን ያድናል።

ኮንግረስ ወዲያው ሕጉን አሻሽሎ፣ ዝርያ ቢጠፋም ፈቃድ መስጠት የሚችል ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በጥር 1979 በሙሉ ድምፅ እምቢ አለ። ምክንያቱስ? ሒሳቡ! ለማጠናቀቅ የሚቀረው ወጪ እንኳ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ታዲያ ግድቡ እንዴት አለቀ? በዚያው ዓመት የቴሊኮ ደጋፊዎች ግድቡን ከሕጉ ነፃ የምታደርግ አንቀጽ በበጀት አዋጅ ውስጥ ሸጎጡ። ፕሬዝዳንት ካርተር ፈረሙ። ቸሮኪዎች የአያቶቻችን መቃብር፣ የእምነታችን ስፍራ ነው ብለው ቢከሱም ተረቱ። በኅዳር 1979 በሩ ተዘጋ።

ዓሣዋ ወደ ሌላ ወንዝ ተወስዳ ነበር፤ በኋላም በሌሎች ወንዞች ተገኘች። በ2022 ከአደጋ ወጥታለች ተብላ ከመዝገብ ተሰረዘች። ታናሲ ግን አሁንም ውሃ ውስጥ ናት።